ያውቁ ኖሯል? የረግረጓ ዝንብ በእንጦጦ ማርያም ሥር

መስከረም ጠብቶ የእንጦጦ ማርያም ዙሪያ አደይ ሲለብስ፣ ስልኩን አውጥቶ አበባውን የማያነሣ ጎብኚ ጥቂት ነው። የዛሬው አምዳችን ከአበባው ዝቅ ብሎ፣ ውሃ ባቆረ ሣር ላይ የምታርፍ አንዲት ቡናማ ዝንብን ይፈልጋል። ወደ ጉለሌ በሚወርዱት ጅረቶች ዳር ወይም ከተራራው ጀርባ በሱሉልታ ረግረግ ጫፍ ጎንበስ ብለው ቢያዩ፣ ያነሡት ፎቶ ምን ያህል ሊነግርዎ እንደሚችልና የት ላይ እንደሚያቆም እንነግርዎታለን።

ሳይንስ ሲዮሚዚዴ ብሎ የሚጠራው የረግረግ ዝንቦች ቤተሰብ ከ500 የሚበልጡ ዝርያዎች እንዳሉት ያውቁ ኖሯል? ከአንታርክቲካ በቀር የማይገኝበት አህጉር የለም።

እነዚህ ዝንቦች አይናከሱም፤ ደምም አይመጥጡም። በአውስትራሊያ ሰዎች በተቀራራቢ ስም የሚጠሩት ዝንብ ግን ሌላ ቤተሰብ ነው፤ እሱ ከብትንም ሰውንም የሚነክስ ደም መጣጭ ነው። ስለ ረግረግ ዝንብ ሲያነቡ የትኛው ቤተሰብ እንደ ሆነ ቀድመው ያጣሩ።

የዚህች ዝንብ ትልቁ ነገር ያለው እጮቿ ዘንድ ነው። እጮቿ ቀንድ አውጣ አድነው ይበላሉ። የሚገርመው፣ ሊቃውንት ለዝንቦቹ ስም አውጥተው በየሙዚየሙ በመርፌ ወግተው ከሰደሯቸው በኋላ እንኳ ይህ ጠባያቸው የቤተሰቡ መለያ መሆኑ ሳይታወቅ ከመቶ ዓመት በላይ ማለፉ ነው። ነገሩን ያጠራው በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ክሊፎርድ በርግ ነው፤ በአላስካ የጀመረውን ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ1953 አሳተመ። አንድ ሰው እጩን ከውሃ አውጥቶ ምን እንደሚበላ በትዕግሥት ስላየ፣ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥራት ዝንብ በጤና ተመራማሪዎች ዘንድ ተፈላጊ ሆነች። ለምን እንደ ሆነ ኋላ ላይ እንመጣበታለን።

ሴፔዶን በተባለው ወገን፣ ማለትም በቤተሰቡ ውስጥ ባለ የተቀራራቢ ዝርያዎች ስብስብ፣ ያሉት እጮች ውሃ ላይ ተንሳፍፈው ያድናሉ። መተንፈሻቸው ጭራቸው ላይ ነው፤ በዙሪያው ያሉት ጸጉሮች ከውሃው ወለል ጋር ያያይዟቸዋል፤ የዋጡት አየርም እንዳይሰጥሙ ይረዳቸዋል።

ፈርቤሊያ ከተባለው ወገን አንዳንዶቹ ቀንድ አውጣውን በልተው ከጨረሱ በኋላ ቅርፊቱን ቤት ያደርጉታል። ከሰውነታቸው በሚያመነጩት ኖራ መሰል ነገር አፉን ደፍነው፣ ክንፍ እስኪያወጡ እዚያው ይቆያሉ። ባዶ የመሰለ የቀንድ አውጣ ቅርፊት አፉ በነጭ ነገር ተደፍኖ ካገኙት አይጣሉት፤ ፎቶ ያንሡት።

ሁሉም ግን ባለ ቅርፊት ቀንድ አውጣ አይበሉም። ቅርፊት የሌለውን ቀንድ አውጣ የሚያሳድዱ አሉ፤ በውሃ ውስጥ የሚኖሩ ትናንሽ ባለ ሁለት ክዳን ፍጥረታትን የሚመገቡም አሉ። በምዕራብ አፍሪካ፣ በቤኒን፣ የተጠኑ የሴፔዶን ዝርያዎች ደግሞ የሚበሉት የውሃ ትል ሆኖ ተገኝቷል።

አሁን ወደ ፎቶው እንምጣ። የረግረግ ዝንብን ከሌላው የምትለየው የመጀመሪያዋ ምልክት አቀማመጧ ነው። ብዙዎቹ ሣር ወይም ቄጠማ ላይ ሲያርፉ ራሳቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው፣ ክንፋቸውን ጀርባቸው ላይ ጠፍጣፋ አድርገው ነው። ሲበሩም አይቸኩሉም፤ ከአንዱ ግንድ ተነሥተው ቅርብ ካለው ላይ ይቀመጣሉ። ቸኩሎ የሚያነሣ ሰው የዝንቧን ምስል ቀጥ ለማድረግ ብሎ ፎቶውን ያዞረዋል። እባክዎ አያዙሩት፤ መዘቅዘቋ ራሱ ማስረጃ ነው።

ሁለተኛዋ ምልክት አንቴናዋ ነው። የቤት ዝንብ አንቴና አጭርና ወደ ታች የተንጠለጠለ ስለ ሆነ በስልክ ፎቶ ላይ እምብዛም አይታይም። የረግረግ ዝንብ አንቴና ግን ወደ ፊት ይዘረጋል፤ በሴፔዶን ደግሞ ሁለተኛው ክፍል እጅግ ቀጭንና ረጅም ነው። ከሦስተኛው ክፍል ላይ የሚነሣ አንድ ቀጭን ጸጉር አለ፤ ነጭ ይሁን ጥቁር፣ ለስላሳ ይሁን ቅርንጫፍ ያለው፣ ዝርያን ከዝርያ ለመለየት ይጠቅማል። ይህን ሁሉ የሚያሳየው ከጎን የተነሣ ፎቶ ብቻ ነው፤ ከላይ የተነሣው አንቴናውን ያሳጥረዋል።

የሴፔዶንን የኋላ እግር ይመልከቱ፤ ጭኑ ረጅም ነው፤ ከሥሩም እሾህ መሰል ጸጉር ተሰድሮበታል።

ያውቁ ኖሯል? የረግረግ ዝንብን ከሚመስሉት መካከል ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው የፍራፍሬ ዝንብ ነው። ሁለቱም ክንፋቸው ላይ ነጠብጣብ ወይም መረብ መሳይ ጥለት ሊኖራቸው ይችላል። የፍራፍሬ ዝንብ ግን ክንፏን እያወዛወዘች ትራመዳለች፤ ሴቷም እንቁላል መጣያዋ ከሆዷ ጫፍ ሹል ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛው አሳሳች ላውክሳኒዴ የሚባል የትናንሽ ቢጫማ ዝንቦች ቤተሰብ ነው። እሱን ለመለየት ከራስ ቅል በስተኋላ ያሉትን ሁለት ጸጉሮች ማየት ያስፈልጋል፦ በላውክሳኒዴ ጫፋቸው እርስ በርስ ይቀራረባል፣ በረግረግ ዝንብ ትይዩ ይሄዳሉ ወይም ይራራቃሉ። ሄሊዮሚዚዴ የሚባሉት ደግሞ ከአፋቸው ጥግ ጠንካራ ጸጉር ያበቅላሉ፤ ብዙዎቹም በክንፋቸው የፊት ጠርዝ ላይ የእሾህ ረድፍ አላቸው። የረግረግ ዝንብ ሁለቱም የሏትም። ሁለት ጸጉር የት እንደ ዘነበሉ ለማየት መድከም ከንቱ የሚመስለው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን የዝንብ ሳይንስ የቆመው በእነዚህ ጸጉሮች ላይ ነው፤ ከክንፍ ቀለም ይልቅ የሚታመኑትም እነሱ ናቸው።

ቀለም ለምን አይታመንም? ከቅርፊቷ ገና የወጣች ዝንብ ለጥቂት ሰዓታት ገርጥታ ስለምትቆይ ነው። ስልክም በደመናና በፀሐይ ቀለሙን ራሱ ያስተካክላል። አንዲቱን ዝንብ ጠዋት በጥላ፣ ቀትር ላይ በፀሐይ ቢያነሧት ሁለት ዝርያ ልትመስል ትችላለች።

በብዙ የፈረስ ዝንቦች ወንዱ ዓይኖቹ ግንባሩ ላይ ስለሚገናኙ ጾታው ከፊት ፎቶ ይለያል። በረግረግ ዝንቦች ግን የሁለቱም ጾታ ዓይኖች ተራርቀው የሚገኙ ስለ ሆነ ማየት ያለብዎ የሆዳቸውን ጫፍ ነው።

ይህ የሆድ ጫፍ ብዙ ነገር ይወስናል። ዲክትያ የሚባሉት የአሜሪካ የረግረግ ዝንቦች ክንፋቸው መረብ የመሰለ፣ ሲያዩአቸው የሚያምሩ ናቸው፤ ዝርያዎቻቸው ግን በመልክ እጅግ ተመሳሳይ ከመሆናቸው የተነሣ ባለሙያ እንኳ በእርግጠኝነት የሚለያቸው የወንዱን የመራቢያ አካል በማጉያ መሣሪያ አይቶ ነው። በቴታኖሴራ ወገንም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። በሴቷ ፎቶ ላይ የዝርያ ስም ለመጻፍ መድፈር አይገባም። የወገኑን ስም ጽፎ እዚያው ማቆም ሙሉ መልስ ነው፤ ፎቶው እስከሚናገርበት ድረስ ብቻ ተናግረዋልና።

ዝንብን ከሥዕል የመለየት ፈተና በኢትዮጵያ አዲስ ነገር እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1760ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በጎንደር ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ከንብ ጥቂት ስለምትበልጥ አንዲት ዝንብ ጻፈ፤ ሥዕሏንም አስቀረጸ። ስሟን «ዚምብ» ብሎ መዘገበው። ክረምት ሲገባ እረኞች ከእርሷ ሸሽተው ከጥቁር አፈር ወደ አትባራ አሸዋማ ሜዳ ከብታቸውን እንደሚነዱም ተረከ። ከዚያ በኋላ የተነሡ ሊቃውንት ግማሾቹ የገንዲ ዝንብ ናት አሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ ረጅም መምጠጫ ያላት የፈረስ ዝንብ ናት አሉ። የታላቅ ተጓዥ ሥዕል ይህን ያህል ካከራከረ፣ በእኛ ስልክ የተነሣው ብዥ ያለ ፎቶ ባያስማማን ሊደንቀን አይገባም።

የገንዲ ዝንብ ግን ዛሬ በአንድ ፎቶ ይለያል። ስታርፍ አንዱን ክንፍ በሌላው ላይ ሙሉ በሙሉ ትደርባለች፤ ክንፏ መካከል ያለው ክፍል የመጥረቢያ ቅርጽ አለው። ይህ ቅርጽ በሌላ ዝንብ ክንፍ ላይ የለም። በኢትዮጵያ አምስት ዝርያዎቿ ተመዝግበዋል፤ የሚኖሩት ሞቃት በሆኑት የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ሸለቆዎች ነው። በእንጦጦ ብርድ አትኖርም። እዚህ ያነሧት ዝንብ የገንዲ ዝንብ ከመሰለችዎ ክንፏን እንደገና ይመልከቱ።

አንዳንድ ፍጥረት ደግሞ ፎቶ ቀርቶ ማጉያ መሣሪያም አይፈታውም። በአገራችን ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው ትንኝ አኖፊሊስ አረቢየንሲስ ናት። እሷን በመልክ ቁርጥ የምትመስል፣ ነገር ግን ከሰው ይልቅ ከብት የምትመርጥ ሌላ ትንኝ ከኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1998 እንደ አዲስ ዝርያ ለሳይንስ ቀረበች፤ እ.ኤ.አ. በ2013 አኖፊሊስ አምሃሪከስ የሚል ስም ወጣላት። ሁለቱን የሚለየው የዘር ቅንጣታቸው ነው። በደቡብ ምዕራብም እንዲሁ ሲሙሊየም ካፋኤንሴ የተባለችው የወንዝ ዳር ጥቁር ዝንብ እ.ኤ.አ. በ2005 በመልክ ከሚመስሏት ዘመዶቿ ተለይታ ተገለጸች፤ እሷን ለመለየት የረዳው የእጮቿ ክሮሞዞም ነው። እኔ በእነዚህ ሁለት ስሞች እኮራለሁ። ተመራማሪዎች «ይመሳሰላሉ» ብለው ሳይተዉ እስከ መጨረሻው በመሄዳቸው፣ የትኛዋ ሰውን እንደምትጎዳ የትኛዋ እንደማትጎዳ ታውቋል።

ተቃራኒውም ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2003 ኬንያ ውስጥ የታየው ማንጎ አጥፊ የፍራፍሬ ዝንብ እ.ኤ.አ. በ2005 ባክትሮሴራ ኢንቫደንስ የሚል አዲስ ስም ተሰጠው። አሥር ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ከእስያው ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ ጋር አንድ መሆኑ ተረጋግጦ ስሙ ተሻረ።

አሁን ወደ ተራራችን እንመለስ፤ እንጦጦ የውሃ ድንበር ነው። በሰሜን ጎኑ የወረደ ዝናብ በሙገር በኩል ዓባይ ይገባና መንገዱን ወደ ሜድትራንያን ባሕር ያቀናል፤ በደቡብ ጎኑ የወረደው በጉለሌና በቀበና ጅረቶች አልፎ ከአዋሽ ጋር ተቀላቅሎ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ባሕር አያይም።

ይህ የውሃ መንገድ የቀንድ አውጣም መንገድ ነው። በደጋው ረግረግ የምትኖር ጋልባ ትሩንካቱላ የምትባል ትንሽ ቀንድ አውጣ አለች፤ በጎችንና ከብቶችን የሚያከሳው የጉበት ትል የሚያድገው በእርሷ ውስጥ ነው። የትሉ እንቁላል ከፋንድያ ጋር ወርዶ ውሃ ውስጥ ይፈለፈላል፤ ቀንድ አውጣዋ ውስጥ ገብቶ ይበዛል፤ ወጥቶ ሣር ላይ ይጣበቃል፤ ሣሩን የጋጠ በግ ይዞት ይሄዳል። ወደ ቆላው ሲወርዱ ደግሞ ባዮምፋላሪያ እና ቡሊነስ የሚባሉት ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያ ተሸካሚዎች ናቸው፤ በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ የሽንት ፊኛውን ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈው ቡሊነስ ነው። ቀንድ አውጣ የምትበላ ዝንብ ተመራማሪዎችን ለምን እንዳጓጓች አሁን ግልጽ ነው።

ያውቁ ኖሯል? በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ከኒካራጓ የመጣች የረግረግ ዝንብ በሃዋይ ደሴቶች ሆን ተብሎ ተለቀቀች፤ ዓላማው የከብቶችን የጉበት ትል የሚሸከመውን ቀንድ አውጣ እንድታጠቃ ነበር። ዝንብ ብቻዋን በሽታን ታጠፋለች ማለት ግን አይደለም፤ ቀንድ አውጣውም ቶሎ ይራባል። ደግሞም እንዲህ ያለ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚለቀቀው ዝንብ በትክክል የትኛው ዝርያ እንደ ሆነ መታወቅ አለበት። አንዱ ቀንድ አውጣ ሲበላ የሚመስለው ሌላው ትል ይበላልና።

የእኛ አገር መልስ ከዕፅዋት መጣ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ሞተው የሚንሳፈፉ ቀንድ አውጣዎችን አስተዋሉ። ከዚያ የተነሣው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1989 ለእርሳቸውና ለባልደረባቸው ለዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘላቸው። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩቱ የሚጠራው በዶክተር አክሊሉ ስም ነው። ጅረት ዳር ቆሞ ዝቅ ብሎ ማየት ምን ሊያስገኝ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

አጤ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ ዛሬ የምናየው የባሕር ዛፍ ደን አልነበረም። ባሕር ዛፉ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ የአገሩ ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቆርጦ ሲያልቅ ነው። ባሕር ዛፍ ብዙ ውሃ የሚጠጣ ዛፍ ስለ ሆነ፣ አሁን በየቦታው አገር በቀል ዛፍ ሲተካ የጅረት ዳሩ ሕይወትም ይለወጣል። ለውጡን ለመከታተል ቀንና ቦታ ያለው ፎቶ ያስፈልጋል።

አነሣሡስ? ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው የተራራው አናት ጠዋት ይበርዳል። ዝንብ የሰውነቷን ሙቀት ከፀሐይ ስለምታገኝ በብርድ ትፈዛለች፤ ጤዛው ሳይደርቅ የደረሰ ሰው በጣም ቀርቦ ማንሣት ይችላል። ጥላዎ እንዳያርፍባት ፀሐይን በጎንዎ ያድርጉ። ፍላሽ አያብሩ፤ ክንፉ ያብረቀርቅና ጥለቱ ይጠፋል። ወዲያው ወደ ፊቷ አይጠጉ። መጀመሪያ ከሩቅ አንድ ያንሡ፤ ብትበር እንኳ አቀማመጧና የተቀመጠችበት ተክል ይቀርልዎታል። ቀጥሎ ከጎን፣ አንቴናና እግር እንዲታይ፤ ከዚያ ከላይ፣ የክንፉ ሥሮች በሙሉ እንዲጠሩ፤ ከተሳካ ደግሞ ከፊት። አንድ በጣም የተዋበ ፎቶ ከሚኖርዎ አራት ተራ ፎቶ ከአራት አቅጣጫ ቢኖርዎ ይሻላል፤ ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ። በመጨረሻም የጣትዎን ጥፍር ከአጠገቧ አድርገው ያንሡ፤ የ3 ሚሊ ሜትር ዝንብና የ10 ሚሊ ሜትር ዝንብ በስክሪን ላይ እኩል ይታያሉና።

ስሟን የሚጠቁሙ የስልክ ፕሮግራሞች አሉ፤ ይጠቅማሉ። የተማሩት ግን ከተሰጣቸው ፎቶ ነው፤ ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ የተሰጣቸው ደግሞ ከኢትዮጵያ ከተሰጣቸው በእጅጉ ይበልጣል። ስለዚህ የእንጦጦን ዝንብ የእንግሊዝ ዝርያ ሊሏት ይችላሉ። የሰጡዎትን ስም ከመቀበልዎ በፊት ያ ዝርያ በአፍሪካ መኖሩን ያጣሩ፤ ካልተገኘበት ወደ ወገኑ ስም ይመለሱ።

በሣር ላይ በረድፍ የተደረደሩ ረዣዥም ጥቃቅን እንቁላሎች ካዩም አይለፏቸው። ሴፔዶን እንቁላሏን የምትጥለው ከውሃው ከፍ ብሎ፣ ተክል ላይ በረድፍ ነው።

ከፎቶው ጋር አራት ነገር ይጻፉ፦ ቀኑን፣ የቦታውን ስም፣ ከፍታውን፣ የተቀመጠችበትን ተክል። «አዲስ አበባ» ብቻ ብለው አይተዉት፤ «ከእንጦጦ ማርያም በታች፣ ጅረት ዳር፣ ቄጠማ ላይ» ቢሉ ሌላ ሰው ቦታውን ያገኘዋል። ሞታ ያገኟትን ደግሞ በደረቅ ወረቀት ጠቅልለው ይህንኑ ጽፈው ያስቀምጡ፤ የሆዷ ጫፍ ከፎቶው የበለጠ ይናገር ይሆናል። አራት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ ውስጥ፣ የእንስሳት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ፤ በመርፌ የተሰደረ ነፍሳት ምን እንደሚመስልና መለያ ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚጻፍ እዚያ ሄዶ ማየት ይቻላል።

የሱሉልታ ሜዳ ክረምት ውሃ ተኝቶበት በጋ ላይ ይደርቃል። ሣሩ ለምልሞ፣ ውሃው ገና ሳይሸሽ፣ ሰማዩም ለፎቶ የሚጠራበት ጊዜ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው።